አባ ፍሬን ፉርጎ ቁጥር ፲፯ን ከመቁረጫው እሳት ያዳኑበት ዜና

በዘመነ ጡረታሁ ለአባ ፍሬን፣ የቁልቁለት መካች፣ ሊቀ መዘውር፣ በሦስተኛው ዓመት፣ የባለቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በአከራዩ እጅ በተነጠቀ በአርባኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ይህ ሊጻፍ የሚገባው ታላቅ ነገር ሆነ። እመቤቲቱ ሱቃቸውን ካጡ ወዲህ የስፌት መኪናቸው መኝታ ቤት ገብታ፣ አንሶላ ለብሳ፣ እርሳቸውም አጠገቧ ዝም ብለው ይውሉ ነበርና፣ ዝምታቸው ከቁጣቸው ይልቅ የአባ ፍሬንን አንጀት በላው።

ያረጀ ባቡር መሄጃው አንድ ነውና፣ ፉርጎ ቁጥር ፲፯፣ እኚህ ጀግና ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬኑን የያዙለት፣ በቁርጥራጭ ብረት ግቢ በር ላይ ወረፋ ይዞ ቆመ፤ ቀድመውት የገቡት ወንድሞቹም በጋዝ እሳት ተቆራርጠው ገሚሱ የመስኮት ብረት፣ ገሚሱ የበር ማጠፊያ ሆነው ነበር። የግቢውም ሹም እንዲህ የሚል አዋጅ ለጥፎ ነበር፦ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ጫኙ መኪና ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። እስከዚያ በሩን ያላለፈ ፉርጎ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የፈለገ ይውሰደው፣ እኔን ግን እንዳይነዘንዘኝ!» አባ ፍሬን ይህን በዋዜማው ባነበቡ ጊዜ ልባቸው እንደ ጥጃ ቦረቀ፤ ወደ ሰፈር ተመልሰውም፣ «ፉርጎውን ለሚስቴ ሱቅ አደርገዋለሁ! ካላደረግሁ አባ ፍሬን ብሎ የሚጠራኝ አይኑር!» ብለው አወጁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረም።

ወእምዝ ዘመቱ። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፦ በቀኝ፣ ቀይና አረንጓዴ ሳይለዩ ሃያ ዓመት የምልክት መብራት ያበሩ አማቻቸው፤ በግራ፣ ታላቅ እኅታቸው ትኬት ቆራጯ፣ በገዛ ቤታቸው እንኳ እንግዳ ሲገባ ለትኬት እጃቸውን የሚዘረጉ፤ ከኋላም ማንም ያልጠራው ውሻ። ሁሉም ፉርጎው ውስጥ በተሸሸጉ ጊዜ ጀግናው ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጀርባ ያለውን የእጅ ፍሬን መዘውር ጨብጠው ሦስት ዙር ተኩል አጠበቁት።

የግቢው ትራክተር ጎተተ፤ ፉርጎው እምቢ አለ። የግቢው ብረት ቆራጮች የዛሬ ልጆች ናቸውና፣ ፍሬንም በቁልፍ የሚጫን እንጂ በመዘውር የሚዞር አይመስላቸውምና፣ መንኮራኩሩን ዘይት አጠጡ፣ ሐዲዱን ጠረጉ፣ ትራክተሩን ሰደቡ፣ በመጨረሻም በትከሻ ገፉ፤ በዚህም ጊዜ የአለቃቸው ሱሪ ከኋላ ተተርትሮ ድምፁ እስከ ሹሙ ቢሮ ተሰማ። አባ ፍሬን ሳቃቸውን ለማፈን ባርኔጣቸውን ነከሱ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግን አለቃው ጠርጥሮ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ። አባ ፍሬን በላብ ተጠመቁ፤ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰላቸው፤ ባለቤታቸውን አስበው እንባ እንባ አላቸው። ያን ጊዜ ትኬት ቆራጯ እንደ አንበሳ ተነሥተው አወጁ፦ «ያለ ትኬት መሳፈር ክልክል ነው! መስኮቱ ጋ ሂድና ወረፋህን ጠብቅ!» አለቃውም ከልጅነቱ የሚፈራው ድምፅ ነበርና ሳያስብ ወረደ፤ የተቀደደውን በእጁ ሸፍኖ፣ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት የሆነውን የትኬት መስኮት ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ ጫኙ መኪና አቧራውን አስነሥቶ ወጥቷል። ሹሙም «፲፯ ተሰርዟል! የሚወስደው ይውሰደው!» ሲል አወጀ።

ድል አድራጊው ለመውሰድ መዘውሩን ቢፈቱ ግን አልፈታ አለ። አማቻቸው በመዶሻ፣ ውሻው በጩኸት ረዱ፤ ዝገቱና የጀግናው ጉልበት ተማምለው ነበርና ንቅንቅ የለም። ሹሙ መጥቶ አየ፣ ራሱን ያዘ፣ ደግነቱ ግቢው ሌላ በር ነበረውና «ባለበት ይቅር!» የሚል ሌላ አዋጅ ጨመረ።

የስፌት መኪናዋም በዚያው ከሰዓት በሠራዊቱ ትከሻ መጣች። እመቤቲቱም ተከትለዋት መጥተው መስኮቱ ሥር አስቀመጧት፣ ወንበሩን ዳበሱ፣ ፉርጎውን ከዳር እስከ ዳር አዩ፤ ከአርባ ቀን በኋላም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «ሱሪ የተቀደደበት ይምጣ፣ ዛሬ በነፃ ነው! አንተ ሰውዬ ደግሞ እጅህን ከዚያ ብረት ላይ አንሣና ና፣ ልቀፍህ!» አለቃውም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ከሁሉ ቀድሞ ተሰለፈ።

እነሆ፣ ባቡር ነድተው የከበሩ ብዙዎች ናቸው፤ አንዲት እርምጃ ሳይሄድ፣ የዘመተበትን ፉርጎ እንኳ ሳያንቀሳቅስ፣ የተከፋች ሚስቱን ከዝምታዋ የመለሰ ጀግና ግን ከአባ ፍሬን በቀር ማን ተሰማ? መኑ ከማሁ!