አየር የሚበላው መድኃኒት

(መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ በእንፋሎት ልብስ የሚተኮስበት ቤት። እንፋሎቱን የሚያፈላው የቦይለር ሠራተኛ ጋሼ ይገረምና ልብስ የምትተኩሰው ሠርኬ ቡናማ ጠብታ ያረፈበትን የሙሽራ ነጭ ሱፍ ይዘው ይጓተታሉ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሀፍሷ ያበላሸውን ሰው ዛሬውኑ ሊያሰናብቱ እየመጡ ነው።)

ይገረም፦ ካውያሽ ነው ያበላሸው አልኩሽ!

ሠርኬ፦ ካውያውን አሁን ወለወልኩት እኮ ጋሼ። ከእንፋሎቱ ጋር ነው የመጣው። ዝገት ነው።

ይገረም፦ ዝገት? እኔ ባለሁበት? ሦስት ቀን ሙሉ የሠለጠንኩት ለጌጥ ነው?

ሠርኬ፦ እኔ እንጃ። ከሥራ ከወጣሁ ግን ልጆቼን ምን አበላለሁ?

ይገረም፦ እንግዲያው ተማሪ። ብረት በምን ይዝጋል?

ሠርኬ፦ በውሃ።

ይገረም፦ (እየሳቀ) አይ ደንቆሮ! ውሃው ውስጥ ባለው አየር ነው። እኔ ቦይለሩ ውሃ ላይ መድኃኒት እጨምራለሁ፤ መድኃኒቱ አየሩን ይበላል፤ ብረቱ ይተርፋል።

ሠርኬ፦ አየር ይበላል? በየትኛው ጥርሱ?

ይገረም፦ ወይ ፈተና! ያገኘውን አየር ሁሉ ምጥጥ ያደርጋል በቃ።

ሠርኬ፦ ከዚያስ? መልሶ ይርበዋል?

ይገረም፦ አንዴ ከጠገበማ አለቀለት፤ ሁለተኛ አይበላም። ለዚህ አይደል በየቀኑ የምጨምረው!

ሠርኬ፦ ታዲያ የውሃውን አየር ከመርካቶ አየር በምን ይለየዋል?

ይገረም፦ ምን ይለየዋል! አየር አየር ነው።

ሠርኬ፦ እንዲያ ከሆነ፣ ያ መድኃኒቱን በጥብጠው ደጃፍ ላይ ያቆሙት በርሜል... ክዳን የለውም እኮ።

ይገረም፦ ደንበኛ እንዲያየው ነዋ! በሳይንስ እንደምንሠራ ይወቁ።

ሠርኬ፦ ወር ሙሉ?

ይገረም፦ ወር ሙ... (ወደ በርሜሉ ዞሮ ያያል።)

ሠርኬ፦ ጋሼ፣ መድኃኒቱ መርካቶን ሲበላ ከርሞ፣ ጠግቦ ነው ቦይለሩ የገባው።

ይገረም፦ (ላቡን እየጠረገ) ሠርኬዬ፣ የኔ እመቤት... እትዬ ደረጃውን እየወጡ ነው። «ክዳኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ» በያቸው። አንቺ ስለማታውቂ ይምሩሻል።

ሠርኬ፦ ምሕረቱ ለማያውቅ ከሆነማ ለእርስዎ ይሻላል። «አላወቅሁም ነበር» ይበሏቸው፤ እኔም አብሬ እለምንልዎታለሁ።

ይገረም፦ እኔ? አላወቅሁም?

ሠርኬ፦ አንዲት ቃል እኮ ናት።

ይገረም፦ (ኮቱን እያጠለቀ) እሷን ከምል በጓሮ በር ብወጣ ይሻለኛል!

ሠርኬ፦ የጓሮው በር ዝጎ አልከፈት ካለ ሰነበተ፣ ጋሼ።