ጓድ ገነነ በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ

አራት የምህንድስና ተማሪዎችን ለመመረቂያ ሥራ በአንድ ቡድን መድቧቸው፤ አንዱ የግድ ሊቀመንበር ሆኖ ብቅ ይላል። ማንም አይመርጠውም። ሌሎቹ ገና መቀመጫ ሲፈልጉ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ስብሰባውን ከፍቷል። የመጨረሻ ዓመት የቡድን ሥራ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ተማሪ ባጋጠመኝ ቁጥር ስለ ስሌቱ አላወራውም፤ ስሌቱን መጽሐፍ ያስተምረዋል። ስለ ክቡር ሊቀመንበሩ ግን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይጎዳል።

የእኛው ገነነ ይባል ነበር። ዘመኑ የደርግ ነውና ራሱን ሲያስተዋውቅ "ጓድ ገነነ" ይላል፤ እናቱ ቤትም እንዲያ ብሎ ነው አሉ በር የሚያንኳኳው።

ሥራችን ቀላል ነበር። አፍንጮ በር አንድ ቀበሌ ቧንቧው ከተበላሸ ከርሟል፤ ሴቶቹ ባልዲ ተሸክመው ሌላ ሰፈር ይወርዳሉ። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ግን አሮጌ ጉድጓድ አለ። በብስክሌት ፔዳል የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሠርተን ውሃውን ማውጣት ነው። ውሃው ከወጣ እንመረቃለን፤ ካልወጣ ዓመቱን እንደግማለን። መይሙና ትነድፋለች፤ እርሳስ ስትይዝ ማስመሪያ አያስፈልጋትም። እምሩ ይበይዳል፣ ያስራል። እኔ አሰላለሁ። ገነነ ይመራል።

የምንሰበሰበው ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ነበር። አስተናጋጁ መጥቶ "ምን ልታዘዝ?" ሲል ገነነ እጁን ያነሳል፦

"ጓዶች፣ ከዝርዝሩ በፊት አቋም እንያዝ!"

ማኪያቶ ወይስ ሻይ በሚለው ላይ አቋም እስክንይዝ አስተናጋጁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያንጎላጃል። አራት ሆነን ሰባት ኮሚቴ ነበረን። እምሩ ብቻውን የብሎን አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢም፣ ጸሐፊም፣ አባልም ነበር። አንድ ቀን ብሎን ጠፋበትና ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተደረገ። ምስኪኑ እምሩ ድሮም ሰው ፊት ሲቆም አንደበቱ ይያዛል፤ ሦስት ሰዎች ፊት ቆሞ ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ኩሽኔታ ጠፋ። ዋናው ዘንግ ያለ ኩሽኔታ አይዞርም፣ ኩሽኔታ ደግሞ በከተማው የለም። ገነነ "ይህን ለእኔ ተዉት" ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሁለት ተሸካሚዎች ከኋላው የፀጉር አስተካካይ ወንበር ይዘው ይከተሉታል። ቆዳ የለበሰ፣ የራስ መደገፊያ ያለው፣ የጣሊያን ጊዜ ወንበር።

"ገነነ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለች መይሙና።

"ይሽከረከራል ወይስ አይሽከረከርም?"

ይሽከረከራል። ከሥሩ ድንቅ ኩሽኔታ ነበረው። ችግሩ ዝጎ ከወንበሩ አልላቀቅ አለ። ስለዚህ መይሙና ንድፉን እንደገና ሠራችው፤ ወንበሩ ከነግርማው መሳቢያው አናት ላይ ቀረ። ዘንጉ ብቻ ዞሮ ወንበሩ ባለበት እንዲቆም አንድ ብሎን መላላት አለበት። ይህ ለእምሩ ተነገረው። እምሩ ግን የላላ ነገር አይወድም።

የፈተናው ዕለት ቀበሌው ግቢ ሞላ። አማካሪያችን ዶክተር ተክለሃይማኖት መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወርቅአፈራሁ አዲስ ካኪያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ተሰለፉ። የወንበሩ ባለቤት አቶ ወልደሥላሴም ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወንበራቸውን ሊጠብቁ ከፒያሳ መጡ።

ገነነ ንግግር የሚያደርግበት ከፍታ አጣ። ዞር ሲል ወንበሩን አየ። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ክራቫቱን አስተካከለ።

"የተከበራችሁ የአፍንጮ በር ብዙኃን!"

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ፔዳሉን መታሁ። ወንበሩ በቀስታ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ሰው ገነነ ሆን ብሎ የዞረ መስሎት አጨበጨበ። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ ዶክተሩ ዞረ፣ ተመልሶ ወደ ሴቶቹ። ጭብጨባው ሲደምቅ እኔ ለእኔ መስሎኝ ይበልጥ ፈጥኜ መታሁ። ገነነ ግን ንግግሩን አላቋረጠም፦ "ይህ መሳ... በሰፊው ሕዝብ... ፊት ለ... ፊት..." እያለ ለሁሉም በየተራ ያዳርሳል። ክራቫቱ ከጆሮው ጎን ተዘርግቶ ይውለበለባል።

"ኧረ ሰውየውን አውርዱት!" አለች አንዲት ሴት።

"ሰውየውስ ይቆይ! ወንበሬን!" ጮኹ አቶ ወልደሥላሴ።

ያን ጊዜ ውሃው መጣ። መጣ፤ ግን ውሃ ማውጫው ጎማ ወንበሩ እግር ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ አብሮ እየዞረ ግቢውን እንዳለ ረጨው። ጓድ ወርቅአፈራሁን ደግሞ በዞረ ቁጥር አላለፋቸውም። መይሙና ሮጣ እግሬን ከፔዳሉ ላይ ስታወርድ ካኪያቸው ተጣብቆባቸው፣ ከኮፍያቸው ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆመው ነበር።

"ይህ አሻጥር ነው" አሉ።

በዚያን ዘመን ያ ቃል ከአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር አፍ ከወጣ ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ቃል ሄዶ ያልተመለሰ ዘመድ የሌለው ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ዶክተር ተክለሃይማኖት መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማነው ያጠበቀው ይሄን ብሎን?" አሉ ዶክተሩ ወንበሩ ሥር አጎንብሰው።

እምሩን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም።

"እኔ ነኝ!" አለ ገነነ። ከወንበሩ ወረደና ቀጥ ብሎ ሊቆም ሲሞክር ወደ ግራ ተንገዳግዶ አንዲት ሴትዮ ትከሻ ያዘ። "ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ያ ሰው በሕይወቱ መፍቻ ይዞ አያውቅም።

"በምን አጠበቅከው?" አሉ ጓድ ወርቅአፈራሁ እየተጠጉ።

ገነነ አሰበ።

"በቆራጥነት!"

ከዚያ ግለ ሂስ እንዲያደርግ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ተፈቀደለት፤ የፈቀዱት ሰውዬ ምን እንደፈቀዱ አላወቁም። ከልጅነቱ ጀመረ። ገና ዳዴ ሲል ስለነበረበት ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ፣ ከክፍል ጓደኛው ስለቀማው ላጲስ፣ ብዙኃኑን ከከፍታ ላይ ለማየት ስላደረበት ትምክህት ተናገረ። ጓድ ወርቅአፈራሁ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጡት ሲሞክሩ "ይህንንም አርማለሁ፣ ጓድ!" ብሎ ቀጠለ። ካኪያቸው በላያቸው ላይ ደረቀ። መይሙና ቀስ ብላ ብሎኑን አላላችው፣ እኔ ወደ ፔዳሉ ተመለስኩ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ባልዲያቸውን ሞሉ። ገነነ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ሲሸጋገር ጓድ ወርቅአፈራሁ እጃቸውን አነሱ፦

"በቃ! በቃ! ታርመሃል! ሂዱልኝ ከዚህ!"

ዶክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና "አልፋችኋል" አሉን።

ወደ አምስት ኪሎ ስንወጣ ገነነን ግራና ቀኝ ደገፍነው። መንገዱ እየዞረበት ነበር። እምሩ፣

"ለምን እንዲያ አልክ? ቢወስዱህስ?" አለው።

"አንተን ቢጠይቁህ ዝም ትል ነበር" አለ ገነነ ዓይኑን ጨፍኖ። "ዝም ያለን ሰው መውሰድ ቀላል ነው። እኔን ግን ማን ያስቆመኛል?"

ይህን ብሎ ወደ ቦዩ አጎነበሰና አስመለሰው። እምሩ ግንባሩን ያዘለት። ከዚያ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጠ፤ ዓለም መዞሯን እስክታቆምለት ሦስታችንም አጠገቡ ቁጭ ብለን ጠበቅነው።