ወጌሻዋ «ታሸንፋላችሁ» ስትል

ጨዋታ ሳይጀመር አሸናፊውን መናገር ትልቅ እውቀት የሚመስላችሁ ካላችሁ አዝናለሁ። እውቀት አይደለም። የማን ቁርጭምጭሚት እንዳበጠና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ማወቅ ይበቃል። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ የወጌሻ ልጅ ነኛ!

ሪያድ መጥቼ ሰው ቤት ምግብ ባበስልም፣ አባቴ ደሴ ያስተማረኝን አልተውኩም። በምንኖርበት በጉበይራ ሰፈር የአገሬ ልጆች ጁምዓ ጁምዓ ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ፤ ወለም ያለው ሁሉ፣ ተጋጣሚዎቻቸውም ሳይቀሩ፣ እኔ ዘንድ ይመጣል። (አርባን ላለፈች ሴት ሁሉም ወንድም ነው፤ ለዚያውም ካልሲ ሳላስወልቅ ነው የማሸው።) ከዚያ አምበሉ ጀማል «እትዬ ዘይነብ፣ ዛሬስ ማን ያሸንፋል?» ሲለኝ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ እናገራለሁ። አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። ራእይ ይታያታል ተባለ። አላስተባበልኩም። አንደኛው ጥፋቴ ይህ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ነሲም ከሚባለው ሰፈር ልጆች ጋር ሊጋጠሙ ሁለት ቀን ሲቀር ሰኢድ እያነከሰ መጣ። ሰኢድ የቡድኑ ቁመት ነው፤ በሥራ ቀን ደግሞ ሴራሚክ ያነጥፋል። እግር ከሌለው እንጀራ የለውም። አሸሁትና ሦስት ሳምንት ኳስ እንዳትነካ አልኩት። «ወላሂ አልነካም! ሥራ ገጠመኝ ብዬ እቀራለሁ፤ ታሟል ብለሽ ግን ቦታዬን እንዳታስወስጂብኝ» አለ። ማን ሊወስድበት? ቡድኑ እንደሆነ ስድስት ሰው ነው፤ ስድስተኛው ተክሉ ኳስ ሲይዝ ሲሚንቶ የተሸከመ ይመስላል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እነዚህ ሃምሳውንም ያሸከሙት ሰኢድን ነው።

ጁምዓ ጀማል ሲጠይቀኝ ምን ልበል? «ትሸነፋላችሁ» ብል ለምን ሊለኝ ነው፤ ምክንያቱን ብናገር የልጁን ምሥጢር ማውጣት ነው። ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜ «ኢንሻአላህ ታሸንፋላችሁ» አልኩ። ጨዋነት መስሎኝ!

ጀማል ይህን በስልክ ለሁሉም ላከው፤ ቤቱ ለተኛው ሰኢድም ደረሰ። ልጁ ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? እግሬን ያሸችው እሷ፣ ታሸንፋላችሁ ያለችው እሷ፤ ያለ እኔ እንደማያሸንፉ ደግሞ ታውቃለች፤ እንግዲያ ድኛለሁ ማለት ነው! ጫማውን አጥልቆ ከች አለ። ከዳር ቆሜ እጄን ባወናጭፍ ድጋፍ መስሎት በሳቅ መለሰልኝ። በሦስተኛው ዝላይ ወደቀ። ተክሉ ገባ። ውጤቱን ባልናገር ይሻላል።

ሰኢድ ወር ሙሉ እንዲተኛ ተፈረደበት። አሠሪው ሌላ ሰው ሊቀጥር ሲል ተክሉ «እስኪድን እኔ አለሁ» ብሎ ሴራሚኩን ማንጠፍ ያዘ፤ ሜዳ ላይ ያጣነው ተጠባባቂ እዚያ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፤ ኅሊናዬ ግን እንቢ አለኝ። ምሳ ቋጥሬ ሰኢድ ቤት ሄድኩና፣ ጀማልም ባለበት፣ ሁሉን ተናዘዝኩ፤ ራእይ እንደሌለኝ፣ ያሸሁትን እግር እየቆጠርኩ እንደምገምት፣ በመጨረሻም አውቄ እንደዋሸሁ። አንገቴን ደፍቼ ስድቡን ጠበቅኩ። ሁለቱ ተያዩ። ሰኢድ ያበጠ እግሩን በእጁ ደግፎ ቀና አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ከነሲም ልጆችስ አንቺ ዘንድ የሚታሸው ማን ማን ነው?» አለኝ።