የክብርት አንዴ-ልድገመው ዐሥራ አራተኛ ረድፍ

መጋቢት 11 ቀን። «ረድፍ 14፤ ውሃ ካጣች ሃያ አንድ ቀን፤ አልጠወለገችም። ነገ» ይላል የሙከራ ደብተሩ። ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ሥራ የማይጨርስ አንድ ተመራማሪ የሌለበት የምርምር ተቋም በምድር ላይ የለም። የእኛዋ ክብርት አንዴ-ልድገመው ነበሩ። ድርቅን ለመቋቋም የሚያስችለው ዘረመል የቱ እንደሆነ ለማወቅ ችግኝ ውሃ ይከለክላሉ፤ ከዚያ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ! ውጤት ተገኘ ብለን ስናጨበጭብ «አንዴ ልድገመው» ይላሉ። ዳይሬክተሩ «የጥናት ጽሑፉስ?» ሲሏቸውም ያው ነው። ሠርጋቸውን ሁለት ጊዜ አራዝመዋል ይባላል፤ ሙሽራው ግን አልደገመውም።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ከእሷ ጋር ጠባችን በዘር ከረጢቶቹ መለያ ጽሑፍ ነበር።

«በእርሳስ ጻፊ። ማርከር ፀሐይ ያጠፋዋል።»

«ጋሼ መዝገብ፣ እኔ ልጆቼን በመልካቸው አውቃቸዋለሁ።»

«አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ እኔስ?»

«አንተማ መቼ ከወረቀትህ ቀና ብለህ አየሃቸው!»

በዚያ «ነገ» ባለችው ቀን ጠዋት፣ ቤቷ ውስጥ ልቧ ቆመ።

የችግኝ ክፍሉ በር ላይ በትልቁ «ማንም ውሃ እንዳያጠጣ!» ብላ ለጥፋ ነበር። በሕይወት ሳለች ማንም አልሰማትም። በሐዘኑ ሳምንት ግን ሁላችንም ታዘዝናት። ስንመለስ አንድም ችግኝ አልቀረም፤ ዐሥራ አራተኛው ረድፍም እንደ ገለባ ሆኗል።

የቀረን በሦስት ከረጢት ያለ ዘር ነው። አንዱ ዐሥራ አራተኛው ረድፍ የበቀለበት ዘር ነው። የቱ? መስኮት ላይ ስታደርቃቸው ከርማ ጽሑፉ ነጥቷል። በመልክ የምታውቃቸው እሷ ነበረች።

ዳይሬክተሩ ከረጢቶቹን አገላብጠው አዩ። «ዘረመሉ ገና አልተለየም። ሦስቱንም ዘርተን እንዳንፈትን ክፍሉ ለሌላ ጥናት ተይዟል። ዓርብ ይወገዱ።»

«አንዴ ልድገመው» አልኳቸው።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። እሳቸውም ከረጢቶቹን ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡ። ዓርብ ግን ያው ዓርብ ነው።

ለመዝገቡ ያህል፦ መጋቢት 11 ከሰዓት በኋላ ከግቢው ፊት ለፊት ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄዳ አንድ ደርዘን እርሳስ ገዛች። ዐሥራ ሁለቱንም ቀረጸች፤ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድራልኝ ወደ ቤቷ ሄደች።