ለታመመው ቆርቆሮ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ፣ የመስታወት ቅንጣቶች ነጭ ጋዋን ለብሰው ሰውን በበርሜል ውሃ ሲበጠብጡ በሕልሜ አየሁ። በውኑ በጥባጩ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጣሪያ የሚያቀዘቅዝ ቅብ እሠራለሁ። ከአቧራ የደቀቁ የመስታወት ቅንጣቶችን በውሃ በጥብጬ በቀስታ ሳደርቃቸው ራሳቸው ተሰልፈው ይነባበራሉ፤ የፀሐዩን ብርሃን ይመልሱና የቤቱን ሙቀት ያለ መብራት ወደ ሰማይ ይልካሉ። አንዷ ከሰልፍ ከወጣች ግን ቅቡ ይሰነጠቃል። በምንኖርባት በሎጊያ ከተማ ሙቀቱ ከጠና ወዲህ ጨቅላ ልጄ ኢክራም ቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የላትም። የምጣደፈው ለእሷ ብዬ ነው።

በሕልሜ ጤና ጣቢያ ገባሁ። አልጋው ሁሉ በቆርቆሮ ተይዟል። አንዱ ቆርቆሮ ቴርሞሜትር እንደያዘ ያቃስታል።

«ሰው ከላያችን ይነጠፍልን! እስከ መቼ እኛ ብቻ እንቃጠል?» አለ።

ቅንጣቶቹ እኛን ሰዎቹን በመቆንጠጫ እያነሱ ጣሪያው ላይ ደረደሩን። የኮሌጃችን ዲን ከነከረባቱ ከሥሬ ገባ።

«ለእኔ የሚገባኝ የላይኛው ንብርብር ነው!» ብሎ ተቆጣ።

ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ነውና ሳያንገራግሩ ፈቀዱለት። ወዲያው እየቀለጠ ይንጠባጠብብኝ ጀመር።

ባለቤቴ ሉባባ ኢክራምን ታቅፋ ስትመጣ ዋናው ቅንጣት አስቆማት።

«ሕፃኗ ለብቻዋ። እዚህ ጋ በልኳ ክፍተት አለን።»

ልጄን ቀምተው አጠገቤ ሰኳት። ኢክራም እግሯን አወራጨች።

«ሰልፉን ልትሰነጥቅብን ነው!» ብሎ ዋናው ቅንጣት ጮኸ።

«ጌታዬ፣ ገና ጨቅላ ናት» አልኩ።

«ዝም ታሰኛታለህ ወይስ ፈጭተን እናስተካክላት?»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። «ኢክራምዬ፣ የኔ እናት፣ በአላህ እንዳትነቃነቂ» እያልኩ ለመንኳት። ቀስ በቀስ እግሯ ቆመ፤ ከዚያ እጇ፤ ከዚያ ድምጿ።

ከታች ቆርቆሮዎቹ «እፎይ፣ በረደን!» እያሉ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ ላጨበጭብ ፈለግሁ፤ እጄ ግን በሰልፉ ተይዟል።

«እንድሪስ! ኧረ ተነስ!» ሉባባ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። «ልጅቷ ዝም አለችብኝ! ላቧ ደርቋል፣ አትንቀሳቀስም!»

ከሕልሙ ገና አልወጣሁም።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አልኩ።

ጉንጯን ስነካው ፈጀኝ።