የአፈር ትንፋሽ ለኪው

በየመንደሩ፣ ሥራዬን ከእኔ በቀር ማንም አይችለውም ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ክቡርነታቸው ዶን ኤቫሪስቶ ኪሎድራን ናቸው። ሥራቸው አፈር ሲተነፍስ መለካት ነው።

አትሳቁ፤ አፈር ይተነፍሳል። የዛፉ ሥርም፣ የረገፈ ቅጠል የሚያበሰብሱት ዓይን የማያያቸው ነፍሳትም እንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ዶን ኤቫሪስቶ ለቫልዲቪያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብለው ጫካችን ውስጥ አሥራ ሁለት ቀለበቶች መሬት ላይ ተክለዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ በየቀለበቱ ላይ ክዳን ይደፉና መሣሪያው ያወጣውን ቁጥር ይጽፋሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ማክሰኞ አልዘለሉም። የልጃቸው ሠርግ ወደ ረቡዕ የተዛወረው በዚሁ ነው።

ጣጣው የሰው ትንፋሽ ቁጥሩን ማበላሸቱ ነው። ጫካውን ሊባርኩ የመጡትን ቄስ “በልብዎ ይጸልዩ፣ አባ” ብለዋቸዋል። ንግግር ሊያደርግ የቃጣው ከንቲባ እስከ ወንዙ ድረስ በክብር ተሸኝቷል። እኔን ጎረቤታቸውን ኦርቴንሲያን ደግሞ፣ ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይ አፍልቼ ስወስድላቸው፣ “አንቺ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ነው የምትተነፍሺው፤ እዚያው ቁሚ!” ይሉኛል። አውቶቡስ!

ባለፈው ሰኔ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሰኞ ልጠይቃቸው ስሄድ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

“ነገ ማክሰኞ ነው” አሉኝ።

“እና? ጫካው አንድ ቀን ሳይለካ ቢተነፍስ ምን ይሆናል?”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መሣሪያውን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። ዝናቡ ከላይም ከጎንም ይመታኛል። ክዳን ደፋሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ጻፍኩ። አራተኛው ቀለበት አጠገብ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አየሁ፤ የጉልበታቸው ቦታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የተንበረከኩበት መሬት ጎድጉዶ ዝናብ አቁሯል። እዚያ ትንሽ ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን አልጋቸው ላይ ወረወርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

“አራተኛው በዝቷል።”

“ዳገቱ አድክሞኝ ነዋ!”

“ዳገቱ ከአንደኛው በፊት ነው ያለው። በሰኔ ብርድ ደግሞ አፈር እንዲህ አያለከልክም።” ቀና ብለው አዩኝ። “አልቅሰሻል እንዴ?”

“ዝናብ ነው፣ ዶን ኤቫሪስቶ።”

እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የተበላሸ ቁጥር ያለ ርኅራኄ ሲሰርዙ ስንቴ አይቻቸዋለሁ! ይህን ግን አልነኩትም። ከጎኑ፣ በዚያች እንደ ጉንዳን በተሰለፈች ጽሕፈታቸው፣ “ለኪዋ አልቅሳ ነበር” ብለው ጻፉበት።

ይኸው ድነው ወጥተው እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ ዝናብ ነው እላለሁ፤ እሳቸው ደብተሩን ይገልጡብኛል።