በአንድ በግ የተንጠለጠሉ ሁለት ትዳሮች

እንግዳን በመለመን የሚስተካከለን የለም ብለን የምንኮራ ሰዎች ነን። እንግዳው ጠግቤያለሁ ሲል «በሞቴ!» እንላለን። አሁንም እምቢ ካለ «አፈር ስሆን!» እንጨምራለን። ልብ ብሎ ላየው እኮ ነገሩ ከባድ ነው፤ ለአንዲት ጉርሻ ብለን ሞተን፣ ተቀብረን፣ አፈር እስከ መሆን ደርሰናል። ግን አንድ ነገር ይታይልን፦ የምንሞተው ራሳችን ነን። እንግዳ ለማክበር ብለን የሌላ ሰው ኑሮ አንነካም። የሱዳን ወንድ እንግዳ ሲያከብር በምን እንደሚምል በደንብ የገባኝ ካርቱም ገብቼ፣ ከሱዳናዊ ጋር ትዳር መሥርቼ፣ ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። በሚስቱ ነው የሚምለው።

በሚስቱ ስል «ሚስቴ ትሙት» ይላል ማለቴ አይደለም። እሱማ በስንት ጣዕሙ! «ዐለይ ጠላቅ» ነው የሚለው። ይህን ሳትበላ ከሄድክ ሚስቴ የተፈታች ትሁን ማለት ነው። እንግዳውም የሰው ቤት ማፍረስ ስለማይፈልግ ቁጭ ብሎ ይበላል። ካርቱም ውስጥ ስንቱ ሰው ሳይርበው የበላው፣ ዓይኗን አይቷት ለማያውቃት ሴት ሲል ነው! ሸኾቹ በየጁምዓው እየተቆጡ ይህን መሐላ ተዉ ይላሉ። ወንዶቹም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡና ከመስጊድ ሲወጡ፣ ሸኹን ምሳ እኛ ጋ ካልበሉ ብለው በጠላቅ ይምሉባቸዋል።

ጨዋታዬ የሆነው ካርቱም ገና ሰላም ሳለች፣ በአንድ ሰይፍ ነው። ሰይፍ የሚሉት ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን የሙቀት ወራት ነው። የባለቤቴ የዑስማን ዘመዶች በየሰይፉ ከያሉበት ተሰብስበው የሚገናኙባት የትውልድ ከተማ አለቻቸው። ከካርቱም ሦስት ሰዓት ያህል የምታስኬድ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለች፣ አንድ ገበያ፣ አንድ መስጊድና ቁጥር ስፍር የሌለው አህያ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ይህን ሁሉ ዘመድ ለሃያ ዓመት ሲያስተናግዱ የኖሩት የዑስማን አጎት ዐም ባቢክር ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸው አስቸገራቸውና ቤተሰቡ በስልክ ተመካክሮ መስተንግዶውን ለዑስማን ሰጠ። በአገሩ ታሪክ ያለ ታንክ የተካሄደ የሥልጣን ሽግግር ስለሆነ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ዐም ባቢክርን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ዑስማን ተቀበለ ማለት እኔ ተቀበልኩ ማለት ነው። እኔ ዘይነባ እባላለሁ፤ የወሎ፣ የደጋን ልጅ ነኝ። መጀመሪያ አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን ከዑስማን ጋር ጀብራ ሰፈር ነው የምንኖረው። ዘመዶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ስብሰባ ላይ ሽንኩርት ስልጥ «ሐበሻዋ» እንጂ ዘይነባ ብሎ የጠራኝን በጣት መቁጠር ይቻላል። እንግዲህ ዘንድሮ ሐበሻዋ የቤቱ እመቤት ልትሆን ነው። ቢሳካ ስም አገኛለሁ፤ ባይሳካ ደግሞ ለሚቀጥሉት ሃያ ሰይፎች መሰብሰቢያ ወሬያቸው እሆናለሁ።

የአማቼን የዑስማንን አባት፣ አላህ ይማራቸውና፣ ተዘግቶ የከረመ ቤት ከፍተን አቧራውን በአካፋ ብንዝቅ ሁለት ቀን ፈጀብን። ዐንገሬብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ከአራት ጎረቤት ተውሰን በግቢው ደረደርን። በጉን ከኒሙ ዛፍ ሥር አሰርነው። ሠላሳ ምናምን ሰው ሐሙስ ማታ ገብቶ አለቀ፤ የቀሩት ዐም ባቢክርና ባለቤታቸው ሐጃ ነፊሳ ብቻ ነበሩ። ዐም ባቢክር ሳይኖሩ ደግሞ ምሳው ምሳ አይሆንም፤ የቤተሰቡ ታላቅ ናቸዋ!

ዓርብ ረፋድ ላይ ደረሱ። ዐም ባቢክር እርጅና የተጫናትን ፒክአፓቸውን ከከተማዋ ውጭ ካለው ቤታቸው ራሳቸው እየነዱ ነው የመጡት። ሐጃ ነፊሳ የሦስት ቀን ልብሳቸውን በትልቅ ሻንጣ ይዘዋል። ዐም ባቢክር ግን ከመኪናው ወርደው ጥላው ሥር ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። ሰላም ልል ብቻ ነው የመጣሁት፣ አሁን እመለሳለሁ አሉ። የተሻረ ሰው በተሿሚው ቤት ወንበር አይመቸውም። አልጋዎቹን ቆጠሩ፣ ዚር የሚሉትን የውሃ ጋን ከፍተው አዩ፣ አንድም ጉድለት ሲያጡ ይበልጥ ፊታቸው ጠቆረ። አሳዘኑኝ። ሃያ ዓመት ሰው ያበላ እጅ ባዶውን ሲንጠለጠል ያሳዝናል።

ዑስማን ያን ሁሉ የት ይረዳል? በጉን እያሳየ ለእርስዎ ነው ያሰርኩት አላቸው። እሳቸው እኔ በገዛ ወንድሜ ቤት እንግዳ አይደለሁም፣ ለእኔ በግ አይታረድም አሉ። ይታረዳል፣ አይታረድም፤ ድምፁ እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ ዑስማን እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ዐለይ ጠላቅ፣ የዚህን በግ ሥጋ ሳይቀምሱ ከዚህች ከተማ አይወጡም አለ። ዐም ባቢክርም ወዲያው ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ ዐለይ ጠላቅ፣ በእኔ ስም በግ አይታረድም አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

እኔ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቢላዋ ይዤ ቆሜ ነገሩን አሰላሁት። በጉ ለሳቸው ከታረደ ሐጃ ነፊሳ ተፈቱ። ሳይታረድ እሳቸው ከሄዱ ደግሞ እኔ ተፈታሁ። በጉ በሁለታችን ትዳር መሐል ቆሞ ያመሰኳል።

ሐጃ ነፊሳን ዞር ብዬ አየኋቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቶብ በሚሉት ረጅም መጎናጸፊያቸው ጫፍ ራሳቸውን ያራግባሉ። አይዞሽ ልጄ አሉኝ፤ ይህን መሐላ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አሁንማ እንደ ሪክሻ ጥሩምባ ነው፣ ዞሬም አላይ። እሳቸው ይበሉ እንጂ እኔ ግን ደነገጥኩ። ከወሎ የወጣች ሴት ጠላቅ የሚለውን ቃል የምትሰማው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እናት አልቅሳ፣ ነገር አልሆን ሲል ነው እንጂ ለምሳ ግብዣ አይደለም። ልጆቼ አሉ፤ ቤቴ አለ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ሳይቀር በእሱ ስም ነው። ከሁሉ በላይ ዑስማንን እወደዋለሁ። ይህን ለእሱ አትንገሩብኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ካርቱም ሳጃና ሰፈር ሻይ ቤት ላላት ለጓደኛዬ ለሐሊማ ደወልኩላት። ተፈታሁ መሰለኝ አልኳት። «ወላሂ? በምን?» አለች። በበግ አልኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ፣ «ያላ ስሚኝ፣ ማነው በጉ ለሽማግሌው ይታረዳል ያለው? ለአማችሽ ነፍስ ሰደቃ ነው በሉና እረዱት። ሽማግሌው ለሟች ከታረደው አንድ ቢቀምሱ ምን ይሆናሉ? ኻላስ፣ ሁለታችሁም ዳናችሁ። የሞተ ሰው እንደሁ በሰደቃው ላይ በጠላቅ አይምልም» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ካርቱም የኖረች ሴት ከቃዲ አታንስም።

ዑስማንን በእጅጌው ስቤ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ሐሳቡን ራሱ ያፈለቀው ይመስል በታላቅ ድምፅ ለግቢው ሁሉ አወጀው። ዐም ባቢክር የወንድማቸው ስም ሲጠራ ለዘብ አሉ። አላህ ይማረው ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ። እንዲያውም በጉ ሲታረድ እግሩን የያዙት እሳቸው ናቸው። እኔም የኒሙን ዛፍ ተደግፌ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ ትዳሬ ተርፏል ብዬ አሰብኩ።

ምሳ ቀረበ። የወንዶቹ ትሪ ከጥላው ሥር፣ የሴቶቹ ከቤት ውስጥ ነበር። እኔ ግን በመስኮት ሆኜ ከአንድ እጅ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሠላሳ ምናምኑ ዘመድ ሥጋው ላይ ይዘምታል፤ የዐም ባቢክር እጅ ግን ያቺን ከስራ የምትባል ስስ የማሽላ እንጀራ ቆርሶ ወደ ባሚያው ወጥ ይሄዳል። ቀጥሎ ወደ ሰላጣው ይሄዳል። ከዚያ ወደ ፉሉ። ሥጋው አጠገብ ሲደርስ እሳት እንዳየ ሰው ዞሮ ይመለሳል። ገባኝ። ሽማግሌው ሰደቃ መባሉን አላመኑም፤ በጉ በስውር ለእሳቸው ታርዶ ቢሆንስ ብለው ለሐጃ ነፊሳ መጠንቀቃቸው ነው። አርባ ዓመት አብራው ለኖረች ሚስቱ እንዲህ የሚጠነቀቅ ባል ደስ ይላል። ግን የእኔስ?

እጃቸውን ታጠቡ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ሐጃ ነፊሳን ጠሩ። ሐጃ ነፊሳ እየቀፈፋቸው ተነሱ፤ ገና ከሴቶቹ ጋር ወሬው እንኳ አልተጀመረም ነበር። ሻንጣው ተመልሶ መኪናው ላይ ወጣ። ፒክአፗ አቧራ አስነስታ ከሄደች በኋላ ለዑስማን ሥጋውን አልቀመሱም አልኩት። በልተዋል እንጂ፣ ሳህኑ ባዶ ነው አለኝ። ሳህኑን ባዶ ያደረጉት ወንድሞችህ ናቸው አልኩት። ያኔ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ለካ እሱም ከልቡ ነው የማለው። ሮጦ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ገባ። ወንድ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ቁልፍ መፈለግ ነው፤ ስላልተገኘለትም ሲፈልግ ቆየ።

እኔ ቁልፍ አልጠበቅሁም። አንድ ለስላሳ የጎን ሥጋ በሳህን አድርጌ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በዚያ አገር በጎረቤትና በጎረቤት መሐል ባለው ግድግዳ ላይ ነፋጅ የምትባል ትንሽ በር አለች፤ ሴቶች ወደ አደባባይ ሳይወጡ ከቤት ቤት የሚተላለፉባት። መኪናው ከተማውን ዞሮ የመስኖው ድልድይ ላይ እስኪደርስ፣ እኔ ሦስት ግቢ ካቋረጥኩ ቀድሜ እደርሳለሁ። ሒሳቤ ልክ ነበር፤ የረሳሁት ሰላምታውን ብቻ ነው። የሱዳን ሰው በግቢው የምትሮጥ ሴት ቢያይ ለምን ትሮጪያለሽ አይልም፤ እንዴት ነሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ጀብራ እንዴት ናት፣ እናትሽ ደኅና ናቸው ነው የሚለው። በመጀመሪያው ግቢ እየሮጥኩ መለስኩ። በሁለተኛው ቆሜ መለስኩ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ዐለይ ጠላቅ፣ ከርከዴ ሳትጠጪ አታልፊም አሉኝ። ምን ላድርግ? አንዲት ሴት ለማዳን እየሮጥኩ ሌላዋን ማስፈታት ግፍ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩትና ወጣሁ።

ዘጠኝ ክንዱ ቶቤ ግማሹ አንገቴ ላይ፣ ግማሹ አቧራው ላይ ሆኖ ድልድዩ ላይ ደረስኩ። ከድልድዩ ወዲያ ከተማዋ ታበቃለች። ፒክአፗ እየተንገጫገጨች መጣችና ፊቴ ቆመች። ሳህኑን በመስኮቱ አስገብቼ፣ ዐሚ፣ አንዲት ብቻ ይቅመሱልኝ፣ ለልጆቼ ሲሉ አልኳቸው፤ እንባዬም መጣ። ዐም ባቢክር ደነገጡ። ሥጋውንም አዩ፣ እኔንም አዩ። ልባቸው ሳይራራ አልቀረም፤ ግን አፋቸው እንደ ልማዱ ከልባቸው ቀደመ። ልጄ፣ በቃኝ አልኩ፣ ዐለይ ጠላቅ፣ ከአሁን ወዲያ አንዲት ጉርሻ ወደ አፌ አትገባም አሉ።

ሞተሩ ይንተከተካል። እኔ ሳህኑን በመስኮቱ እንደያዝኩ ነኝ።

ሐጃ ነፊሳ ከወዲያኛው ወንበር እጃቸውን ዘረጉ። ከሳህኑ ላይ ጮማ ያለውን መርጠው አነሱና፣ ለመሐላ ተከፍቶ ገና ባልተዘጋው የባላቸው አፍ ውስጥ ከተቱት። የወንድምን ሰደቃ መትፋት አይቻልም፤ ዐም ባቢክር ዓይናቸውን አፍጠው አኘኩ፣ ዋጡም። ትዳሬ እዚያው ድልድዩ ላይ ተመለሰልኝ። ከደስታዬ ብዛት እልል ልል ነበር፤ ሽማግሌው አሁን የማሉት ትዝ ሲለኝ ግን እልልታዬን ዋጥኩት።

ሐጃ ነፊሳ በሩን ከፍተው ቀስ ብለው ወረዱ። ቶባቸውን አስተካከሉ፣ ሻንጣቸውን ከኋላ አውርደው ለእኔ አሸከሙኝ፣ ክንዴንም ያዙ። ዐም ባቢክር አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ሚስታቸውን ወዴት ነው አሏቸው።

ሐጃ ነፊሳ ፊታቸውን ወደ ከተማው አዙረው መለሱ፦ «እኔ ከባዕድ ወንድ ጋር ብቻዬን በመኪና አልሄድም።»